ሁለት ኩንታል ተኩል ባሕር

የዓሣ ገንዳ ያለበት ሆቴል የገባ ሰው መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ ሳያደርግ አያልፍም። ዓሣው ይደነብራል፤ ሰውየው ፈገግ ይላል። ቀጥሎ አስተናጋጁን ይጠራና ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ይጠይቃል፦ «ይበላል?»

አይበላም። አስተናጋጁ «ለጌጥ ነው» ብሎት ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይሮጣል። እንግዳው ግን መልሱ አልተዋጠለትም። የማይበላ ዓሣ፣ ያውም እየተቀለበ፣ መብራት እየበራለት፣ ውሃ እየተቀየረለት! እንቁላል እንኳ ቢጥል አንድ ነገር ነበር። (ይጥላል፤ ለፍርፍር አይሆንም እንጂ።)

ይህ እንግዲህ የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ሲሆን ነው። የባሕር ውሃ ገንዳ፣ ያውም ኮራል የሚያድግበት ሲሆን ጣጣው ሌላ ነው። የኮራል ገንዳ ሲጀመር ጭራሽ ዓሣ የለውም። ጨዋማ ውሃ አለ፣ አሸዋ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጉረመርም ፓምፕ አለ። ባለቤቱ ወንበር ስቦ ድንጋይ ያያል። አራት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ድንጋይ ያያል። ጎረቤት ብቅ ይልና ገንዳውን በአንድ ወገን፣ ከዚያም በሌላው ወገን ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ በትሕትና ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ዓሣው የታለ?»

እንበልና ይህ ጋሼ የሚኖረው ሚዛን ተፈሪ ነው። ለዚህ ጨዋታ ከሚዛን የተሻለ ከተማ አይገኝም፤ ከባሕር የራቀ፣ ከውሃ ግን ያልራቀ ነው። ከሚዛን እስከ አሰብ በአየር መስመር ብቻ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዝናቡ ደግሞ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በረሃ ላይ ሆኖ ባሕር የተመኘ ሰው ይፈረድለታል። ጃንጥላውን ከእጁ የማያስቀምጥ ሰው ውሃ ሲመኝ ግን ቤተሰብ ይሰበሰባል። ጋሼም መልስ አያጣም፦ ሰው ሁሉ በየቡና ቤቱ ስለ ባሕር በር ሲከራከር፣ እሱ በሩን ትቶ ባሕሩን ራሱን ሳሎን ሊያስገባ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ሳሎኑ ነው። 200 ሊትር ውሃ፣ ድንጋዩና አሸዋው፣ መስታወቱም ሲደመሩ ወደ 250 ኪሎ ይመጣሉ። ይህ በቡና አገር ቋንቋ ሁለት ኩንታል ተኩል ነው። ጋሼ ሊያስቀምጠው ያሰበው ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነበር። ቡፌው የተሠራው ለብርጭቆ፣ ለሠርግ ፎቶና ለፕላስቲክ አበባ ነው። ሁለት ኩንታል ተኩል ጀንፈል እዚያ ላይ ጫን ቢባል ጋሼ ራሱ «አብደሃል እንዴ?» ይል ነበር። ውሃ ሲሆን ግን ሰው ክብደቱ አይታየውም። ቤት ሠሪ ተጠርቶ፣ ወለሉ ታይቶ፣ በመጨረሻ የብረት መቆሚያ ይበየዳል።

ሁለተኛው ውሃው ነው። «ዝናብ እያለ ምን ችግር አለ?» ይላል የሰፈሩ ሰው። ችግሩ ቆርቆሮው ነው። የጣራ ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ዝናቡ ሲወርድበት ዚንኩን እያጠበ ይወርዳል፤ ሰው አይጎዳም፣ ኮራልና ቀንድ አውጣ ግን ዚንክና መዳብ አይችሉም። በዚህ ምክንያት ውሃው በጥብቅ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ማጣሪያው ደግሞ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለመስጠት ሦስትና አራት ሊትር ይደፋል። ስለዚህ በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ከተሞች በአንዱ፣ አንድ ሰው ደጁ ጎርፍ እየሄደ ጓዳው ውስጥ ጠብታ ይቆጥራል።

ሦስተኛው ጨው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

የባሕር ውሃ በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው። ለ200 ሊትር ሰባት ኪሎ ማለት ነው። (ቀይ ባሕር ከሌላው ይበልጥ ስለሚጨው ወደ 40 ግራም ይደርሳል፤ ጋሼ አገር በቀል ባሕር ካልሆነ ካለ አንድ ኪሎ ይጨምር።) ታዲያ ከሱቅ ሰባት ኪሎ ጨው ገዝቶ በገንዳው መበተን አይቻልም? አይቻልም። የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ግን በየሊትሩ 1300 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዥየም፣ ወደ 400 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ ያንኑ ያህል ፖታሲየም፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ። ኮራል ቤቱን የሚሠራው በካልሲየሙ ነው። ስለዚህ ተመጥኖ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ከውጭ ይመጣል። መጥቶም አያርፍም፤ ማግኒዥየም ያለበት ጨው እርጥበት ስለሚስብ በሚዛን ክረምት ከረጢቱ ውስጥ አንድ ላይ ተጋግሮ ይቆያል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የተባለው ጨው፣ በመዶሻ ካልተሰበረ አይፈታም።

የሚገርመው፣ ይህ አገር ጨውን ከጋሼ በፊት ያውቀዋል። በ6ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ሰዎች ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው ወርቅ ወዳለበት አገር እንደሚሄዱ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው በአገሩ ሁሉ ገንዘብ ሆኖ እንደሚዘዋወርና ከሚቆረጥበት በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚወጣ ተመልክቷል። ይህ የጨው ገንዘብ፣ አሞሌ፣ ከአፋር ተነሥቶ በግመል፣ ከዚያም በበቅሎና በአህያ እየተላለፈ እስከ ካፋ ይደርስ ነበር። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 እስኪወድቅ ድረስም ሆነ ከዚያ ወዲህ ጨው በዚያ ገበያ ተራ ዕቃ አልነበረም። ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ኮረሪማ ተለውጦበታል፤ ሰውም ጭምር ተገዝቶበታል። ገንዘቡ እርጥብ አገር በገባ ቁጥር የሚሟሟ መሆኑን ደግሞ ባለአሞሌው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰባት ኪሎ ጨው ይዞ ውሃ ውስጥ የሚበትን ሰው ያን ጊዜ ቢታይ ዘመዶቹ ይዘውት ጠበል ይሄዱ ነበር።

አሞሌው የመጣበት ቦታ ደግሞ ራሱ የኮራል ገንዳ ነበር።

ቦታው፣ የአፋሩ ዳናኪል፣ ዛሬ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ የጨው ሜዳ ነው። ከዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ገብቶ ነበር። ለዚህ ምስክሩ ዛሬም ቆሟል፤ በጨው ሜዳው ዳርና ዳር ድንጋይ ሆኖ የቀረ ኮራል፣ ከነዛጎሉ፣ በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ኢትዮጵያ ኮራል የላትም የሚል ካለ ወደ አፋር ይሂድ። ኋላ ባሕሩ የሚገባበት በር ተዘጋ። ፀሐዩ ውሃውን መምጠጥ ቀጠለ። ውሃ ሲተን ጨው አይተንም፤ የተነነውን ያህል ንጹሕ ውሃ ካልተጨመረ ጨዋማነቱ በየቀኑ ይወጣል። ጋሼ ጠዋት ጠዋት በጆግ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ባሕር ለሆነ ነገር የዝናብ ዓይነት ውሃ መጨመር። ዳናኪል ላይ ጆግ የያዘ አልነበረም። ባለቤቱ ወጥቶ የረሳው ገንዳ የሚሆነውን ሆነ፤ ኮራሉ ሞተ፣ ውሃው አለቀ፣ ጨው ቀረ። በዚያ ሸለቆ ባሕር ብዙ ጊዜ እየገባ ስለደረቀ፣ የጨው ክምችቱ ወደ ታች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል።

ታዲያ አሞሌውን ፈጭቶ ውሃ ቢጨምሩበት ባሕሩ አይመለስም? ይህን ጋሼም አስቦታል። አይመለስም። የባሕር ውሃ ሲደርቅ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አይረጋም። መጀመሪያ ጂፕሰሙ ይወርዳል፤ ካልሲየሙን ይዞ። ከዚያ የምንበላው ጨው ይከተላል። ፖታሽና ማግኒዥየሙ መጨረሻ ላይ ለብቻቸው ይቀራሉ፤ ጣሊያኖች በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሐዲድ ዘርግተው ከዳሎል ያወጡት ያንን ፖታሽ ነው። ርስቱ እንዲህ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ከወራሾቹ አንዱን ብቻ ይዞ አባትየውን መመለስ አይቻልም። አሞሌ የባሕር ልጅ እንጂ ባሕር አይደለም።

ወደ ሳሎኑ እንመለስ። ውሃው ጨው ሆኗል፣ ድንጋዩ ገብቷል፣ ማሞቂያው 25 ዲግሪ ላይ ተስተካክሏል። አሁን የሚጠበቀው ዓሣ ሳይሆን ሽታ ነው። የሚሞት፣ የሚበሰብስ፣ ከዓሣ የሚወጣ ነገር ሁሉ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። አንድ ወገን ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ያን ያህል የማይጎዳ ናይትሬት ያደርገዋል። እነዚህ ሠራተኞች አይቀጠሩም፤ ራሳቸው መጥተው፣ ድንጋይና አሸዋው ላይ ተቀምጠው፣ ተባዝተው ይጀምራሉ። እስኪባዙ ድረስ ደግሞ የሚበሉት ይፈልጋሉ። የድሮ ባለገንዳዎች ለዚህ ሲሉ ጥሬ የባሕር ሽሪምፕ ጥለው ያበሰብሱ ነበር። ሚዛን ገበያ ሽሪምፕ አይጠየቅም። ጋሼ ከጋምቤላ የመጣ ዓሣ ቁራጭ ይጥላል። ቤቱ በማግሥቱ መሽተት ይጀምራል፤ ወሩ ጾም ከሆነ ደግሞ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው የማያልቅ ክርክር ገንዳው አጠገብ ይከፈታል።

ባክቴሪያዎቹ የሚቸኩሉ አይደሉም። የአንጀት ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። አሞኒያ በሎቹ ግን ለአንድ እጥፍ ከግማሽ ቀን እስከ ሙሉ ቀን ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎሲንግና ሙንትዝ የተባሉ ፈረንሳውያን በአሸዋና በኖራ ድንጋይ በተሞላ ረጅም ቱቦ የፍሳሽ ቆሻሻ ቀስ አድርገው አሳልፈው ነበር። 20 ቀን ምንም አልታየም፤ አሞኒያው እንደገባ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ናይትሬት መውጣት ጀመረ። ክሎሮፎርም ሲያስገቡበት ሥራው ቆመ፤ የአፈር እጣቢ ሲጨምሩበት ተመለሰ። ሠራተኛው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ያ ቱቦ በታሪክ የመጀመሪያው በትዕግሥት የተጠበቀ ገንዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ልዩነቱ ሁለቱ ሰዎች ጎረቤት መጥቶ «ዓሣው የታለ?» ያላላቸው መሆኑ ብቻ ነው።

ባለገንዳዎችም ለሳይንስ ውለታ መልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በውቅያኖስ ውስጥ አሞኒያን ከሚበሉ ዋነኞች አንዱ የሆነ ባክቴሪያ ያልሆነ ረቂቅ ፍጡር ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ ተገኘ። የተገኘው በጥልቅ ባሕር አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በሲያትል የሕዝብ አኳሪየም ገንዳ ነው።

ይህን ሁሉ በዓይን ማየት ስለማይቻል ጋሼ የሚያየው ቀለም ነው። በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ የገንዳ ውሃ ይቀዳል። ከአንዱ ጠርሙስ ጠብታ፣ ከሌላው ጠርሙስ ጠብታ፤ ብልቃጡ ይከደናል፣ ይነቀነቃል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ነጭ ካርቶን ላይ ካሉ ቀለሞች ጎን ተይዞ ወደ መስኮት ይወሰዳል። ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ አለ። ናይትሬት ሲሆን ደግሞ ቢጫው ወደ ቀይ ይሄዳል። ሰንደቅ ዓላማው ሙሉ በሙሉ እዚያ አለ፤ ጠቡም እንዲሁ።

«ቢጫ ነው» ይላል ጋሼ።

«አረንጓዴ ነው» ትላለች ባለቤቱ።

«ዛፉ ነው በመስኮት የሚያረነጉድበት።»

«ዛፉ ትናንትም ነበር።»

ሚዛን ውስጥ በመስኮት አረንጓዴ የማይታይበት ቤት ስለሌለ ክርክሩ በባትሪ መብራት ይቀጥላል። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚማር የዘመድ ልጅ ይጠራል። እሱም አይቶ፣ አሰላስሎ፣ «ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ቢጫ» የሚል ሁለቱንም የማያስቀይም ፍርድ ይሰጣል። ይህ ልጅ ሩቅ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚገርመው ሚዛንና ጎረቤቷ ቴፒ የማይታይ ፍጡርን መጠበቅ ለማንም የሚያስተምሩ መሆናቸው ነው። የታጠበ ቡና በሚዘጋጅበት ጣቢያ ሁሉ፣ የተፈለፈለው እሸት ቡና ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይብላላል። ሥራው የተሕዋስያን ነው፤ ሰው ይጠብቃል። የደረሰ መሆኑን የሚያውቁት እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ነክረው፣ እፍኝ ቡና ጨብጠው፣ በማሸት ነው። ካሙለጨለጨ ገና ነው። እንደ ጠጠር ካንኳኳ ሙጫው ለቋል፤ ይታጠብ። ማንም እዚያ ቆሞ «ቡናው የታለ?» አይልም። እነዚሁ ሰዎች ጋሼ ቤት ሲገቡ ግን በሦስተኛው ቀን ዓሣ ይጠይቃሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ለቡና እንጂ ለዓሣ ያልተነገረ ይመስላል።

በዚህ ጥበቃ መሐል መብራት ይጠፋል። ሰፈሩ ዝም ይላል፤ ፓምፑም ዝም ይላል። ፍሪጅ ያለው ሰው ስለ ሥጋው ያስባል፤ ጋሼ ስለ ኦክስጅን። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ባክቴሪያዎቹም በኋላ የሚገቡት ዓሣዎችም የሚተነፍሱት በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ስለዚህ ሻማ በርቶ፣ ጆግ ተይዞ፣ ውሃ እየተቀዳ ከላይ ይፈስሳል። መንገድ ላይ ልጆች «መጣ!» ብለው እስኪጮኹ ድረስ አንድ ትልቅ ሰው በገዛ ሳሎኑ ማዕበል ሆኖ ያመሻል።

ሳምንታት ሲያልፉ ድንጋዩ ቡናማ ይሆናል። «ሻገተ» ይላል የሰፈሩ ሰው። አልሻገተም፤ ረቂቅ አልጌ ነው፤ አዲስ የባሕር ገንዳ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ቀጥሎ አረንጓዴው ይመጣል። አረንጓዴ ነገር ሁሉን በሚወርሰው በዚህ አገር፣ ድንጋይ አረንጓዴ ሆነ ብሎ መደንገጥ ራሱ ያስገርማል። ቀንድ አውጣዎች ይገቡና ይግጡታል።

ድንጋዩ በሕይወት ያለ፣ በቀጥታ ከባሕር የወጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሲሳይ ይዞ ይመጣል። ኢንዶኔዢያዊው ሊ ቺን ኤንግ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገንዳውን በእንዲህ ያለ ድንጋይና በአየር ፓምፕ ብቻ በማቆየት ስም ያወጣ ሰው ነው። በድንጋዩ ቀዳዳ ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን የማይጠበቅ እንግዳም ይኖራል። ሌሊት በባትሪ የተመለከተ ሰው እግሩ የማይቆጠር፣ ጎኑ በጸጉር የተሸፈነ ረጅም ትል ሲወጣ ያገኛል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ጋሼ ገና ዓሣው ሳይገባ ዘንዶው ወጣለት። ትሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለውም፤ የወደቀውን እየለቀመ የሚበላ የገንዳው ቆሻሻ ጠራጊ ነው።

ልጆቹ የሚጠብቁት «ኒሞ»ን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ፊልም የታወቀውን ብርቱካንማ ዓሣ። ኒሞ የቀይ ባሕር ተወላጅ አይደለም። የቀይ ባሕሩ ዘመዱ ቢጫማ ሆኖ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ ነው። የእነዚህን ዓሣዎች የቤት አስተዳደር ፊልሙ አልተናገረም። ትልቋ ሴት የቤቱ አዛዥ ናት፤ ባል ያንሳታል። እሷ ስትሞት ባልየው ራሱ ሴት ሆኖ ቦታዋን ይይዛል፤ ከበታቾቹ ትልቁም ባል ለመሆን ይዘጋጃል። ይህን ለሽማግሌዎች ሲያስረዱ ቡናውን ቀድሞ ማቅረብ ይሻላል። ቡናው ደግሞ በዚህ አገር በጨው ሊሆን ይችላል፤ ቤንቾችና ሸኮዎች ከቡና ቅጠል የሚያፈሉት ጨሞም ከዝንጅብሉና ከሚጥሚጣው ጋር ጨው አይቀርበትም። አንድ ቁንጥር ጨው ለጨሞ፣ ሰባት ኪሎ ለድንጋይ። እማማ ጎረቤት ይህን ሒሳብ ሠርተው ሲያበቁ ምንም ሳይናገሩ ሲኒያቸውን ዘቅዝቀው ይሄዳሉ።

ፍርዱ እንግዲህ እንዲህ ነው። ሚዛንና ቴፒ ላይ ዓሣ በመስታወት ማየት የፈለገ የወንዝ ዓሣ ያርባ። የባክቴሪያው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ ጨው፣ መዶሻና የባሕር ድንጋይ አያስፈልግም። «የለም፣ ባሕር ነው የምፈልገው» የሚል ግትር ካለ ከጨው በፊት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይግዛ፤ ከዚያ መመርመሪያ ጠብታውን፤ ከዚያ ጨውን። ዓሣ የመጨረሻው ነው። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ካላሳዩ አይገባም። ሲገባም አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ባክቴሪያው የተባዛው በሚያገኘው ምግብ ልክ ስለሆነ በአንድ ቀን አምስት ዓሣ ከገባ አሞኒያው ተመልሶ ይወጣል፤ ጥበቃውም እንደገና ይጀመራል።